ኢቃማ የሌለው ጭራቅ

ገብቶኝ ያነበብኩት የመጀመሪያው የዐረብኛ መጽሐፍ የደም መጣጭ ታሪክ ነው። ፊደሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ወሎ ውስጥ ቁርኣን ቤት የገባ ልጅ አሊፍ ባውን በሉሕ ላይ እየጻፈ፣ እያጠበ፣ እንደገና እየጻፈ ነው የሚያድገው። ድምፁን አሳምሬ እቀራ ነበር። ትርጉሙ ግን የሸሆቹ ድርሻ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ንባቡ ብቻ ነበር። በኋላ ባሕር ተሻግሬ የሳዑዲ ደሴት በሆነችው ፋራሳን ሰው ቤት ስገባ፣ የወጥ ቤቱን ዐረብኛ ከቤቱ አያት ለቀምኩ። የመጽሐፉን ዐረብኛ ያስተማረኝ ደግሞ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ስፔስቱን የሚባለው የካርቱን ቻናል ነው። እዚያ ላይ የጃፓን ካርቱን ጀግኖች ሳይቀሩ በተጣራ የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው የሚጣሉት፣ የሚታረቁት።

የቤቱ ታላቅ ልጅ ድምፁ መጎርነን የጀመረ ጎረምሳ ነበር። ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ወረቀቷ ቢጫማ፣ ሽፋኗ ላይ ጥርስና ጨለማ የተሣለባት መጽሐፍ ከእጁ አትለይም፤ ሲደክመው መጅሊሱ ትራስ ሥር ይወሽቃታል። ትራሱን የማራግፈው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቤተሰቡ የቀትር እንቅልፍ ላይ ሳለ ከፈትኳትና ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ማንበብ ጀመርኩ። ጥቂት ገጽ እንደሄድኩ ሳቅሁ፤ ብቻዬን፣ ድምፅ አውጥቼ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራው የኖርኩት ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ነገረኝ።

«ያ ኻላ፣ ምን አሳቀሽ?» ልጁ በሩ ላይ ቆሟል።

መጽሐፉን ብዘረጋለት አልተቀበለኝም። «ጨርሺው። ካልጨረስሽው መጨረሻውን እነግርሻለሁ» አለኝ። ይህን የመሰለ ማስፈራሪያ ሰምቼ አላውቅም፤ ጨረስኩት።

መጽሐፉ «ማ ወራአ አል-ጠቢዓ» ከሚባለው ተከታታይ የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ከተፈጥሮ ባሻገር እንደ ማለት። ጸሐፊው ግብጻዊው ሐኪም አሕመድ ኻሊድ ተውፊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጠንጣ ከተማ ተወለደ፤ ጠንጣ ሕክምና ተማረ፤ ጠንጣ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ኖረ። ተከታታዩ በ1993 ካይሮ ውስጥ መታተም ጀምሮ በ2014 እስኪዘጋ ድረስ 80 ያህል ቁጥር ወጥቶለታል፤ በየዐረብ አገሩ ያለ ተማሪ በኪስ ገንዘቡ ገዝቶ ከጓደኛው ጋር እየተለዋወጠ ነው ያነበበው። ጀግናው ሪፍዐት ኢስማዒል ይባላል። የደም በሽታ ሐኪም ነው፤ መላጣ፣ ከሲታ፣ ላጤ፣ ልቡን የሚያመው፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ። ጥቁር ሰማያዊ ሱፉን ሲለብስ ቆንጆ የሚሆን ይመስለዋል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ደም መጣጭ፣ የስኮትላንድ ሐይቅ አውሬ፣ በሌሊት በስም እየጠራች ሰውን ወደ ዓባይ ውሃ የምትወስደዋ ነዳሃ የሚገጥሙት። በጡንቻ አያሸንፋቸውም፤ ጡንቻ የለውማ። ደረጃ መውጣት ያደክመዋል፣ ይፈራል፣ መፍራቱን ለአንባቢው ይናገራል፣ ክኒኑን ይውጥና ወደ ጨለማው ይገባል።

እኔን ያሳቀኝ ይኸው ነበር። እኛ ቤት በልጅነቴ ጭራቅን የሚገድል ሰው ሁልጊዜ ጦር የያዘ ጎበዝ ነው ብዬ አስብ ነበር። እዚህ ግን የሚያስለው፣ የሚያጉረመርመው፣ ቀጭኑ ሽማግሌ ነው ጭራቁ ፊት የሚቆመው። አንባቢው ልጅ ይህን ሲያይ ልቡ ውስጥ አንድ ሒሳብ ይሠራል፦ እሱ ከቻለ እኔም አያቅተኝም።

ሁለተኛዋ ልጅ ገና ትንሽ ስለነበረች ሌላ መደርደሪያ ነበራት። አሜሪካዊው አር. ኤል. ስታይን በ1992 «ጉዝበምፕስ» ብሎ የጀመረው የልጆች ተከታታይ ግብጽ ውስጥ «ሰርኸት አል-ሩዕብ» ተብሎ ተተርጉሟል፤ እሱን ታነባለች። ስታይን ከዚህ በፊት ሥራው ለልጆች የቀልድ መጽሐፍ መጻፍ እንደነበረ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ ሳውቅ ግን አልገረመኝም። ምዕራፉ የሚያልቀው አንዳች የሚያስጮህ ነገር ላይ ነው፤ ቀጣዩን ስትገልጪ የጮኸችው ድመት ወይም ተንኮለኛው ታናሽ ወንድም ሆኖ ይገኛል። ልጅቷ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታነብልኛለች፣ እኔ ሩዝ እለቅማለሁ፣ ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ሁለታችንም እንጮኻለን፣ ቀጥለን እንስቃለን። ፍርሃትና ሳቅ ከአንድ ቦታ እንደሚነሱ፣ ሁለቱም ትንፋሽ ከመያዝ እንደሚጀምሩ፣ ያቺ በርጩማ ላይ ያለች ልጅ ናት ያሳየችኝ።

ፋራሳን ራሷ ለእንዲህ ያለ ንባብ የምትመች ደሴት ናት። ከጂዛን ወደብ ባሕር ላይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መርከቡ ሰውን በነጻ ያመላልሳል፣ አንድ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። መሬቷ ኮራል ነው፤ ቤቶቿ ከዚያው ድንጋይ የተገነቡ፣ የድሮዎቹ በጂብሰም ሐረግ ያጌጡ። የሉል ነጋዴው የሪፋዒ ቤት ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ነጋዴ ያሠራው የነጅዲ መስጊድም እንዲሁ። ሉሉ ዋጋ ካጣ ወዲህ ደሴቲቱ በዓሣና በመንግሥት ደመወዝ ነው የምትኖረው። ከ1996 ጀምሮ ጥብቅ ሥፍራ ስለሆነች ሚዳቋዎቿ ሰው አይነካቸውም፤ ማታ ማታ መንገድ ዳር ሲቆሙ ዓይናቸው በመኪና መብራት ይነዳል፣ ልጆቹም «ጂን!» ብለው ይጮኻሉ። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ከመቶ ዓመት ጥቂት በላይ የቀረው አንድ የላቲን ጽሑፍም እዚህ ተገኝቷል፤ የሮም ወታደሮች በሁለተኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሰፍረው ነበር። ታላቁ ልጅ ይህን ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጣና ወታደሮቹ አሁንም በሌሊት ቆመው ዘብ እንደሚጠብቁ ለታናናሾቹ ነገራቸው። በደሴቲቱ ዙሪያ ባለው ባሕር ደግሞ የባሕር ሙሽራ የሚሏት ትልቅ፣ ዘገምተኛ፣ ሣር የምትበላ እንስሳ አለች። የጥንት መርከበኞች ግማሽ ሴት ግማሽ ዓሣ መስላ ታየቻቸው ይባላል።

የቤቱ አያት፣ ልጆቹ «ጀዳ» የሚሏት፣ መጽሐፍ አታነብም፤ ጭንቅላቷ ግን መደርደሪያ ሙሉ ነበር። ልጆቹ በቀትር ሐሩር እንዳይወጡ የቀትሯን አህያ ትነግራቸዋለች፤ ግማሽ ሴት ግማሽ አህያ ናት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት መንገድ ላይ ያገኘችውን ልጅ የምትወስድ። በሳዑዲና በባሕረ ሰላጤው አገር ይህችን አህያ ሳያውቅ ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። ከየመን በኩል የመጣው ጃርጁፍም ነበራት፤ ሴት ልጅ ሰርቆ በቤተ መንግሥቱ የሚያኖር፣ ሰው በላ። ጀዳ ስትነግር አትስቅም። ልጆቹ ያዳምጡና ሌሊት እኔ ክፍል ይመጣሉ።

አንድ ምሽት የንግሥት ቢልቂስን ታሪክ ነገረችን። ጂኖቹ እግሯ የአህያ ኮቴ ነው ብለው ለነቢዩ ሱለይማን ስላወሩባት፣ መስተዋት የመሰለ ወለል አሠርቶ እንድታልፍበት አደረገ፣ ውሃ መስሏት ልብሷን ስትሰበስብ እግሯን አየ። «ይህቺንማ እኛም አለችን!» ብዬ ተነሣሁ። በትግራይ የሚነገረውን ነገርኳቸው፦ ዘንዶው አርዌ አገሩን ይገዛ ነበር፣ በየጊዜው ልጃገረድ ይገበርለት ነበር፤ ዘንዶው ሲገደል ደሙ ተረከዟ ላይ የተንጠባጠበባት፣ ኋላ ንግሥት የሆነችው ልጅ እግሯ የአህያ ኮቴ ሆነ፣ የዳነችውም ኢየሩሳሌም ሰሎሞን ዘንድ ስትደርስ ነው። ጀዳ ዓይኗን ከፈተች። በባሕሩ በዚህም በዚያም ማዶ አንዲቷን ንግሥት በአንድ እግሯ ነው የያዝናት። ከዚያ ምሽት በኋላ ጀዳ «ያ ብንቲ፣ ዛሬ የናንተን ንገሪን» ማለት ጀመረች።

መጋቢት 2015 ላይ ሳዑዲ የመን ውስጥ ወደሚካሄደው ጦርነት ገባች። ጂዛን ክፍለ ሀገር የድንበር አገር ነው፤ ሳምጣ፣ ጡዋል፣ ከተራራው ሥር ያሉት መንደሮች፣ ሁሉም ከየመን የሚለያቸው ጥቂት መንገድ ነው። በድንበሩ ዙሪያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መንደሮች ተለቀቁ። የቤቱ ዘመዶች ከሳምጣ በኩል ልጆቻቸውን ይዘው ፋራሳን መጡ፣ እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ከመጡት ልጆች ትንሹ ማታ ማታ ሰማይ አያይም። ጣሪያው ላይ ፍራሽ ሲነጠፍ ሁሉም ይወጣል፣ እሱ ደረጃው ላይ ይቀራል። በር በነፋስ ከተዘጋ ጆሮውን ይይዛል። እናቱ ብታባብለው፣ አያቱ ቁርኣን ብትቀራበት፣ ጥቂት ዕረፍት ብቻ ነው የሚያገኘው፣ እንቅልፍ አይደለም።

ያን ጊዜ ነው ጭራቁን ያመጣሁላቸው። የወሎው አያቴ ጭራቅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ልጁን ያዘ እንበል፤ ልጁ ግን «ያለ ጨው እንዴት ትበላኛለህ?» ይለዋል። ጭራቁ ጨው ሊያመጣ ይሄዳል። ሲመለስ «በርበሬስ?» ይለዋል። በርበሬ ያመጣል። «ደረቅ ነው፣ ቅቤ ያስፈልጋል።» ጭራቁ እየተንከራተተ ሌሊቱ ይነጋል፣ ሲነጋ ደግሞ ጭራቅ አይቆምም። አያቴ ይህን ስትነግረን ጭራቁን አክብራ ነው የምትናገረው፤ ሲደክመው ታዝንለታለች፣ ላቡን ትጠርግለታለች። የሚያስቀን እሱ ነው። በዚያ ጣሪያ ላይ ታሪኩን ወደ ፋራሳን አዞርኩት።

ጭራቁ ወሎ ውስጥ ዋሻ ነበረው አልኳቸው። ራበው። የፋራሳን ልጆች ዓሣ እየበሉ እንደሚወፍሩ ሰማ። ተነሣ። ባቲን አልፎ አፋር በረሃ ሲገባ እግሩ ተቃጠለ፤ ጭራቅ ጫማ የለውም፣ በልኩ የሚሰፋለት ሰው የለም። ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ ወደብ ደረሰ፤ ደላላው ለሁለት ሰው ቦታ ስለሚይዝ እጥፍ ክፈል አለው። ባሕሩን ሲሻገር አስመለሰው። እየተንገዳገደ ጂዛን ወደብ ደረሰ፣ ወደ ፋራሳን የሚሄደውን መርከብ ሊሳፈር ተሰለፈ። ፖሊሱ፦ «ኢቃማህን!» አለው። ጭራቁ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አሳየው። ፖሊሱም፦ «ይህ ጥርስ ነው። ኢቃማ ነው የጠየቅሁህ።»

ልጆቹ ፍራሹ ላይ ተንከባለሉ። በሳዑዲ የሚኖር ልጅ ሁሉ ኢቃማ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የመኖሪያ ካርድ ነው፣ እሱ ከሌለ ሰው የለም። ያን ጊዜ ካፊልም ያስፈልግ ነበር፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ ዋስ። «ካፊል ከሌለው ሊመለስ ነው» አለ ታላቁ ልጅ፣ በቁም ነገር። ሁሉም ዝም አሉ። የጭራቁ ነገር አሳሰባቸው። ያን ጊዜ ከደረጃው ላይ ድምፅ መጣ፦

«እኔ ካፊሉ እሆናለሁ።»

ትንሹ ልጅ ነው። ወደ ጣሪያው ወጥቶ ቆሟል። ከዚያ ውል አስገባኝ፤ ጭራቁ ልጅ አይበላም፣ ዓሣ ብቻ ይበላል፣ ሳህን ያጥባል፣ ማታ ማታ ደግሞ ደረጃው ላይ ሆኖ ቤቱን ይጠብቃል። በዚያ ሌሊት ጣሪያ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተኛ። የሚፈራበትን ቦታ፣ ደረጃውን፣ ለጭራቁ ሥራ አድርጎ ሰጠው።

የጭራቁን መንገድ ስነግር የራሴን ነገር በልቤ ይዤ ነበር። እኔ በአውሮፕላን፣ በውል ነው የመጣሁት። አብረውኝ ያደጉ ልጆች ግን በዚያው በባቲ፣ በአሳይታ፣ በኦቦክ መንገድ በእግር ነው የወጡት፤ ድንበሩ ላይ የደረሱ አሉ፣ ባሕሩ ላይ የቀሩ አሉ። ለልጆቹ ይህን አልነገርኩም። ጭራቁ ግን የነሱን መንገድ ሳይሄድ እንዲመጣልኝ አልፈለግሁም። መንገዱ የምር ነው፣ ጥማቱ የምር ነው፣ ፖሊሱ የምር ነው፤ ያንን ሁሉ አልፎ የመጣው ጭራቅ ሲጨነቅ ልጆቹ ከልባቸው አዘኑለት። ልጅ ለጭራቅ ማዘን ከቻለ፣ በዚያ መንገድ ለሚመጣ ሰው ማዘን አያቅተውም ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ።

ስለ ጭራቅ መጻሕፍት ስናወራ ብዙ ወላጅ የሚፈራው ልጁ ሌሊት እንዳይባንን ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ፍርሃቱ አስቀድሞ አለ፤ መጽሐፉ አላመጣውም። ከሳምጣ የመጣው ልጅ ያለ አንዳች መጽሐፍ ነበር የሚባንነው፤ የሚፈራው ነገር ስም፣ መልክ፣ ሆድ የለውም፣ ከሰማይ ድንገት የሚመጣ ድምፅ ነው። ጭራቅ ግን ሆድ አለው። የሚራብ ነገር ደግሞ ይታለላል፣ ይደራደራል፣ ይደክመዋል። የሚያስቅ የጭራቅ ታሪክ ለልጁ የሚሰጠው ይህን ነው፤ የሚፈራውን የሚያነጋግርበት ቦታ። ተውፊቅም ስታይንም ያደረጉት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም፤ አንዱ በሚያስል ሽማግሌ፣ ሌላው በተንኮለኛ ታናሽ ወንድም።

ሚያዝያ 2018 አንድ ቀን ታላቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምሳ አልበላም። ስልኩን አሳየኝ፤ አሕመድ ኻሊድ ተውፊቅ መሞቱን ያነበበው በዚያ ነው። 55 ዓመቱ ነበር። «ሪፍዐት ሲሞት አንዴ አልቅሻለሁ፤ ይህ ሁለተኛው ነው» አለኝ። ሪፍዐት ኢስማዒል በመጨረሻው ቁጥር ላይ ይሞታል። ወቅቱ ፋራሳን በጣም የምትደሰትበት ወር ነው፤ ሐሪድ የሚባለው ዓሣ በመንጋ ወደ ሐሲስ የባሕር ዳርቻ የሚመጣበት። አሮጌዎቹ ዓሣ አጥማጆች ጨረቃ ስትሞላ ባሕሩን ያሸቱታል፤ ሽታው ሲለወጥ ሐሪድ ቀረበ ይላሉ፣ አይሳሳቱም። በዓሉ ዕለት ወንዶቹ መረብ ይዘው ወደ ውሃው ይሮጣሉ፣ የያዙትን ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለእንግዳ ያካፍላሉ። በዚያ ዓመት ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሮጠ፤ ሲመለስ ሙሉ መረብ ሐሪድ ነበረው። ጀዳ ስታጸዳ አጠገቧ ተቀምጦ ሙሉውን የሐይቁን አውሬ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። የማታነበው ጀዳ ሽማግሌው ሪፍዐት ውሃ ዳር ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ስትሰማ ሳቀች። ከዚያ በፊት በጭራቅ ታሪክ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ወደ አገሬ ስመለስ ለእህቴ ልጆች እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዤ መግባት ፈለግሁ፣ በአማርኛ። አዲስ አበባ በየመጽሐፍ መደብሩ ዞርኩ። የልጆች ተረት አለ፤ ለአባባ ተስፋዬ ሣህሉ ምስጋና ይግባና ተረት በቴሌቪዥን ሰምቶ ያደገ ትውልድ ነን። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ ላይ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፣ ስለ ሞኙ ማሞ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ እንዲህ ያለ ሰው ለልጅ ንባብ ያደረገው በቀላሉ የሚታይ አይደለም። እኔ የምፈልገው ግን ሌላ ነበር፦ በኪስ የሚገባ፣ ቁጥር ያለው፣ በየወሩ የሚጠበቅ፣ ልጅ ከልጅ የሚለዋወጠው፣ ጭራቅ ያለበትና የሚያስቅ ተከታታይ። አላገኘሁም።

ፒያሳ አካባቢ የስጦታ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ግን አንድ ነገር አቆመኝ። የንግሥተ ሳባ ሥዕል ነው፤ በ44 ትንንሽ ሣጥን የተከፈለ፣ በየሣጥኑ ሥር ጽሑፍ ያለው። የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ውስጥ አርዌ አለ፤ አረንጓዴ፣ ቀንዳም፣ አፉ የተከፈተ። ልጃገረዶች ይገበሩለታል። ከዚያ አንድ ሰው ይመጣል፣ ፍየል መርዝ ያበላል፣ ፍየሏን ለዘንዶው ይሰጣል፣ ዘንዶው ፍየሏን በልቶ ይሞታል፣ ሰውዬው ይነግሣል። በጦር አይደለም። በፍየል! እዚያው ቆሜ ሳቅሁ። ልጆች በዐረብኛ ከሚያነቡት ኮሚክ የተለየ አይደለም፤ በሣጥን የተከፈለ፣ በተራ የሚነበብ፣ አውሬ ያለበት፣ በብልሃት የሚያልቅ። ሠዓሊዎቻችን ይህን ሲሠሩ ኖረዋል፤ ገዢው ቱሪስት ሆኖ ቀረ እንጂ።

ጭራቅስ ቢሆን መች አጣን? ደብረ ዳሞ ላይ አቡነ አረጋዊን ወደ ገደሉ አናት ያወጣቸው ዘንዶ ነው፤ መልአኩ ሰይፍ ይዞ ስለሚጠብቀው ክፋት ሊያስብ አልደፈረም፣ ጅራቱን ዘርግቶ አወጣቸው። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ የሚወጣው ወንድ ሁሉ በጠፍር ነው የሚሳበው። የሚረዳ አውሬ! ጎረቤታችን የነበሩ ክርስቲያን እናት ስለ በላዔ ሰብእ ሲነግሩን ደግሞ አፋችንን ከፍተን እንሰማ ነበር፤ 78 ሰው የበላ፣ በመጨረሻ ለአንድ የተጠማ ለምጻም በድንግል ማርያም ስም እፍኝ ውሃ ሰጥቶ የዳነ። እኛ የእስላም ቤት ልጆች ነበርን፤ ውሃው ሲመዘን ግን እኩል ነው የጨነቀን። ሚዛኑ ላይ ሰባ ስምንት ሰው በአንድ ወገን፣ እፍኝ ውሃ በሌላው ወገን ሲቀመጥ ልጅ ትንፋሹን የማይዝበት ቤት የለም። ይህን ያህል ሀብት ያለው ሕዝብ ልጆቹ ማታ በስልክ የሚያዩት ጭራቅ ሁሉ ከሌላ አገር የመጣ ሲሆን ያንገበግበኛል። የሌላው አገር ጭራቅ ይምጣ፣ ጥሩ ነው፣ እኔን ያስነበበኝ እሱ ነው፤ የኛው ግን በር ላይ ቆሞ አይቅር።

አሳታሚ የሆነ ዘመድ የለኝም። ደሴ ላይ ደብተር ገዝቼ ጀመርኩ። ጭራቁ ዋሻው ውስጥ ራበው፣ ጫማ የሚሰፋለት አጣ፣ መንገድ ጀመረ። ሥዕሉን የእህቴ ታላቋ ልጅ ናት የምትሠራው፤ መነጽር አድርጋለታለች፣ ለምን ስላት «አያይም እኮ፣ ቢያይማ ወደ አፋር በቀትር አይሄድም ነበር» አለችኝ። የፋራሳኑ ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ በስልክ ድምፅ ይልክልኛል፣ በየጊዜው «ሰው በላው ምን ላይ ደረሰ?» ይላል፣ አዲሱን ክፍል በዐረብኛ እየተረጎምኩ እልክለታለሁ። ካፊሉ የነበረው ትንሹ ዘመዱም አጠገቡ ሆኖ እንደሚያዳምጥ፣ ውሉ ላይ ያለው ዓሣ የመብላት ነገር እንዳይቀየር አደራ እንደሚል ይነግረኛል። የመጀመሪያው ቁጥር ጭራቁ አሳይታ ደርሶ አንዲት ባልቴት ቤት ውሃ ሲለምን ያበቃል። የእህቴ ልጅ እዚያ ላይ ማቆሜን አልወደደችም። ከዚህ በኋላ በእግሩ መሄድ የለበትም፣ ግመል ይሰጠው ትላለች፤ ግመሉ ጭራቁን እንደሚፈራ ስነግራት ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ጭራቁ ግመሉን ይፍራ» አለች። ሁለተኛው ቁጥር የሚጀምረው ከዚያ ነው።